የተኳሹ እጅና የሚስቱ ክርን

ሰው ሲያረጅ ጠባዩ ይከፋል ይባላል። ልብስ ተኳሹን ያየ ግን ይህን አባባል አያምንም። ጎልማሳ ሳለ «እንደምን አደርክ» ሲሉት ራሱን ነቅነቅ አድርጎ የሚያልፍ ሰው ነበር። ልጆች «ተኳሹ» እያሉ ሲጠሩት የሰማ እንግዳ የጦር ጀግና ይመስለዋል እንጂ፣ እሱ በሕይወቱ ከካውያ በቀር የጨበጠው መሣሪያ የለም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ከቤቱ እስከ ሱቁ ባለችው መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ ሰላምታ ማብዛት ጀመረ። አትክልት ሻጯን ስለ ልጆቿ፣ ጫማ ሻጩን ስለ ገበያው፣ የመጋዘኑን ዘበኛ ስለ ወገቡ ይጠይቃል። ዘበኛው አፉ የተቆለፈ ሰው ነውና «ደህና» ብቻ ይለዋል። ተኳሹ አይቀየምም፤ ደግሞ ይጠይቀዋል። ሰፈርተኛው «እግዜር ልቡን አለሰለሰው» አለ። እውነቱን የሚያውቀው ግን የተኳሹ የግራ እግር ባት ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሱቁ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ጫማ ቤቱ ፊት ለፊት የመብራት ምሰሶ ተደግፎ ቆሞ ሳለ የወንድሙ ልጅ ከአውቶቡስ ስትወርድ ተገጣጠሙ። ይህች ልጅ ሌላ ከተማ ስትማር ቆይታ በቅርቡ ተመልሳ በሆስፒታል ሥራ የያዘች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። የደከመ አካልን በእንቅስቃሴ፣ በማሸትና በሙቀት ማከም ነው ሥራዋ። አጎቷን ስታይ ሮጣ ጉንጩን ሳመችው።

«እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? እናትሽ እንዴት ናት?» አለ ተኳሹ።

«ደህና ናት ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ወንድሜስ?»

«አባባም ደህና ነው።»

«ታናናሾችሽስ? ትምህርቱ እንዴት ይዟቸዋል?»

«በርትተዋል።»

«ጎሽ! እናትሽስ እንዴት ናት?»

«ጋሼ፣ እናቴን አሁን ጠየቁኝ እኮ።»

«ደግ ሰው ሁለቴ ቢጠየቅ ምን አለበት? ድመቷስ? ያቺ ግራጫዋ?»

ልጅቱ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን ዋጠችው። ዐይኗ ከአጎቷ ፊት ወርዶ፣ ባቱን በቀኝ እግሩ ጫማ ቀስ እያለ ሲያሽ አየችው።

«ጋሼ፣ ስለ ድመቷ የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። የት ላይ ነው የሚያምዎት?»

«ማን አመመኝ አለሽ?»

«እግርዎ ነዋ። ሲሄዱ ይይዝዎታል፣ ቆም ሲሉ ይለቅዎታል፤ አይደለም?»

ተኳሹ ግራ ቀኙን ተመለከተ። ኪሱ የተፈተሸበት ሰው ይመስል ነበር። «ቀስ በይ እስቲ፣ ሰው ይሰማል» አለ። «ድካም ነው። ዕድሜ ልኩን ቆሞ የሠራ እግር ቢደክም ምን ይገርማል? ደግሞ መድኃኒቱን አግኝቼለታለሁ።»

«ምንድን ነው መድኃኒቱ?»

«እሳት!» አለ አፉን ሞልቶ። «ነይ፣ ቤት ድረስ ሸኚኝ፤ አሳይሻለሁ። ለናንተም ትምህርት ይሆናችኋል።»

ቤቱ ሩቅ አልነበረም። ሆኖም ተኳሹ መንገድ ላይ ደጋግሞ ቆመ፤ አንዴ ለአትክልት ሻጯ፣ አንዴ ለዘበኛው፣ አንዴ ደግሞ ሰላም የሚለው ሰው ቢያጣ የሰው አጥር ግንብ እያደነቀ። ልጅቱም እሱ ሲቆም ትቆማለች፣ ሲሄድ ትሄዳለች።

ቤት ሲደርሱ የተኳሹ ሚስት በሩ አጠገብ ባለው የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ይተኩሳል፤ ትዳራቸውም ሥራቸውም እንደዚያ ተያይዞ የኖረ ነው። ልጅቱን አቅፋ ሳመቻትና ሻይ ልትጥድ ተነሣች። ተኳሹ ግን «ሻዩ ይቆይ፤ መጀመሪያ ትምህርቱ» ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ማሰሮው ውስጥ ሲፈላ የቆየውን ውሃ በሳፋ አስገለበጠ፤ ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ አስጨመረበት። እንፋሎቱ ፊቱን እስኪሸፍነው ድረስ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ከተተና በኩራት ቀና አለ።

«ለብ ብሏል። አሁን እግሬን እዚህ ውስጥ እነክራለሁ። ከዚያ እርጥብ ብርድ ልብስ በካውያ አግዬ እጠቀልለዋለሁ። ደም ማለት ምን መሰለሽ፣ እንደ ተጨማደደ ሱፍ ነው፤ ካልተኮሱት አይዘረጋም።»

ካልሲውን አውልቆ እግሩን ሲያነሣ ልጅቱ ቁርጭምጭሚቱን ያዘችው።

«ቆይ ጋሼ፣ አንዴ ልየው።»

እግሩን ወደ ብርሃኑ አዙራ ተረከዙን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። በተረከዙ ዳር ውሃ ቋጥሮ የፈረጠ፣ ዙሪያው የቀላ ቁስል ነበር።

«ይሄ መቼ ነው?»

«ምኑ?»

ምኑ ማለቱ ነበር ልጅቱን ያስደነገጣት። በገዛ እግሩ ላይ ያለውን ቁስል አያውቀውም። ተኳሹ እግሩን እንደምንም ጠምዝዞ አየውና «ጫማው ነው የላጠኝ» አለ። ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልሞላም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጫማው አይደለም፤ ቃጠሎ ነው» አለች ልጅቱ። «ሙቀት ጠላት ነው ብዬ አልከራከርዎትም። እኔም በሥራዬ ሙቀትን እጠቀማለሁ። ለብ ያለ ሙቀት የደም ሥርን ያላላል፣ የደም ዝውውርን ያግዛል። ነገር ግን ደም በደንብ የማይደርሰው እግር ሁለት ነገር ያጣል። አንደኛ ሙቀቱን አያውቀውም፤ ሁለተኛ ሲቃጠል ቶሎ አይድንም።»

«የማያቃጥል ሙቀት ደግሞ ምን ሙቀት ይባላል? ልጄ፣ እኔ ስለ ሙቀት ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው? ይሄ እጅ ስንቱን ካውያ የለካ እጅ ነው! ቴርሞሜትር ሳይፈጠር የተፈጠረ እጅ ነው!»

ሚስቱ ይህን ጊዜ «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለህ መከራ ይምከረው» ብላ አጉረመረመች። ብዙ ጊዜ መክራ ጆሮ ዳባ ልበስ የተባለች ሴት እንደሆነች ከድምፅዋ ያስታውቃል።

ልጅቱ ግን አልተቆጣችም። ሰው በሚኮራበት ነገር ሲሳሳት መቆጣት ስሕተቱን እንደሚያደነድን ታውቃለች። ወደ ጓዳ ገብታ ሦስት ጎድጓዳ ሳሕን ውሃ ይዛ ተመለሰች፤ ደረደረቻቸው።

«እንግዲያው ጋሼ ይፍረዱ። የትኛው ነው የሞቀው?»

ተኳሹ እጅጌውን ሰበሰበ። የመጀመሪያው ውስጥ መዳፉን ከተተ፤ «ለብ ያለ ነው» አለ። ሁለተኛውን ነካ፤ «ይሄም ለብ ያለ ነው።» ሦስተኛው ላይ ትንሽ አሰበና «ይሄ ደግሞ... እሱም ለብ ያለ ነው። ልጄ፣ ሦስቱንም ከአንድ ማሰሮ ቀድተሽ ነው የምትፈትኚኝ?» አለ።

«እትዬ፣ እስቲ እርስዎ በክርንዎ ይንኳቸው፤ ቀስ ብለው» አለች ልጅቱ።

ሚስቱ ክርኗን በመጀመሪያው አስነካች። «ለብ ያለ» አለች። ሁለተኛው ላይ «ይሄ ሞቅ ይላል» አለች። ሦስተኛውን ገና ጫፉን ስትነካው «ውይ! አቃጠለኝ!» ብላ ወደ ኋላ ዘለለች።

ተኳሹ መዳፉን ገልብጦ ተመለከተው። ካውያ ያጠነከረው፣ እንደ ጫማ ሶል የወፈረ መዳፍ ነው። ያ እጅ እንጀራው ነበር፤ መመኪያውም ነበር። አሁን ግን ዋሽቶታል።

ሚስቱ ክርኗን እያሸች ቆማ ሳለ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ሻዩ!» ብላ ጮኸች።

«ምን ሻይ?»

«ሻዩ ነዋ፣ አንተ ሰውዬ! ስንት ዘመን ሙሉ ብርጭቆውን በመዳፍህ ጭብጥ ታደርግና ‹ቀዝቃዛ ሻይ ሰጠሽኝ› ትለኛለህ። እኔ በጨርቅ ይዤ ያመጣሁትን! መልሼ አፈላለሁ፣ ደግመህ ትመልሰዋለህ። እናቴ ሻይ ማፍላት አላስተማረችኝም ይሆን እያልኩ ኖርኩ እኮ! ለካስ ሻዩ አልነበረም የቀዘቀዘው፤ እጅህ ነው የሞተው!»

ልጅቱ አፏን በእጇ ሸፈነች። ሚስቱ ግን የልቧ ነበር፤ ዐይኗ እንባ አቅርሯል፣ ከንፈሯ ይስቃል። ይህን ያህል ዘመን የተሸከሙት ክስ በአንዲት ቅጽበት ሲወርድ ሰው መሳቅም ማልቀስም ያምረዋል።

ተኳሹ እየቆየ «እሺ፣ እጄስ ይሁን» አለ። «ሆስፒታል ግን አልሄድም። አናጢው ጓደኛዬ በጣቱ ቁስል ገብቶ በምርኩዝ ወጣ። እግሬን ቢቆርጡኝስ? ቆሜ ካልተኮስኩ እኔ ምንድን ነኝ?»

ለካ ነገሩ ወዲህ ነው። ኩራቱ ሁሉ የፍርሃት ልብስ ነበር። ልጅቱ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አናጢው መቼ ነበር የሄዱት ጋሼ?»

«ጣቱ ከጠቆረ በኋላ።»

«አዩ? የቆረጣቸው ሆስፒታል ሳይሆን መዘግየት ነው። የእርስዎ ቁስል ገና ትንሽ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል የለ? ሐኪም ሳያየው ‹ምንም አይደለም› ብዬ አልዋሽዎትም። ቃል የምገባልዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አብሬዎት እገባለሁ፣ አብሬዎት እወጣለሁ። ደግሞ ልጅ ሳለሁ በርጩማ ላይ አቁመው ያስተማሩኝን ያስታውሳሉ? የሐር ቀሚስ በሱፍ ሙቀት ልተኩስ ስል እጄን ይዘው ‹ጨርቁ ነው ካውያውን የሚያዘው፤ ካውያው ጨርቁን አያዘውም› አሉኝ። ያ እግር አሁን ሐር ሆኗል ጋሼ።»

ተኳሹ እግሩን አየ፤ ሚስቱን አየ። «ሐር ካላችሁትማ በአያያዙ ነው» አለና ካልሲውን ፈለገ።

በማግስቱ ሦስቱም ሆስፒታል ሄዱ። ወጣቱ ሐኪም የእጁንና የቁርጭምጭሚቱን የደም ግፊት አወዳደረ፣ እግሩን በማሽን አዳመጠ፣ ስኳሩን አስመረመረ፣ ቁስሉን አገላብጦ አየ። ተኳሹ ዐይኑን ከሐኪሙ ፊት ላይ አልነቀለም።

«አባቴ፣ ወደ እግርዎ ደም የሚወስደው ሥር ጠቧል። አልተዘጋም ግን» አለ ሐኪሙ። «ስኳር የለብዎትም። ቁስሉም አላመረቀዘም። በደንብ ከተያዘ ይድናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።»

«ትቆርጡታላችሁ?»

«የሚያስቆርጥ ነገር አላየሁም። እግሩ ከእርስዎ ጋር ወደ ቤት ይሄዳል።»

ተኳሹ እፎይ አለ። ያ እፎይታ ከሆዱ የወጣ እንጂ ከአንገት በላይ አልነበረም። ሚስቱ ክንዱን ጨበጠችው። ሐኪሙ ግን ገና አልጨረሰም። መድኃኒት አዘዘለት፤ ዘመኑን ሁሉ ሲያጨስ የኖረውን ሲጋራ ከዛሬ ጀምሮ እንዲተው ነገረው፤ በየቀኑ እንዲራመድ፣ ሲያመው ቆሞ አሳርፎ እንደገና እንዲቀጥል አስጠነቀቀው። ስለ ሙቀቱ ሲጠየቅ «ቁስሉ እስኪዘጋ ምንም። ከዚያ በኋላ ለብ ያለ ሙቀት፣ በልጅዎ ቁጥጥር። መድኃኒቱንና የእግር ጉዞውን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለም» አለ።

«መቆሙም መድኃኒት ነው አሉኝ እኮ!» አለ ተኳሹ ሲወጡ። «እኔ ሳላውቅ ስታከም ነበር ማለት ነው!»

«ቆመው ድመት መጠየቅዎን ግን አላዘዙም» አለች ልጅቱ።

ቁስሉ በየጊዜው እየታጠበና እየታሸገ ከረመ። ቀስ እያለ ጠገገ፣ ቆዳ ለበሰ። ሐኪሙ አይቶ ከፈቀደ በኋላ ልጅቱ ለአጎቷ ሚስት በትምህርቷ ወቅት ያየችውን ነገር ነገረቻት፤ የሞቀ ውሃ በቱቦ የሚዞርበት ሱሪ አለ፣ ተመራማሪዎች በእንዲህ ያለ ሕመም ላይ እየሞከሩት ነው አለቻት። «እኛ ያ ማሽን የለንም። ሙቅ ውሃ የሚሞላበት የላስቲክ ከረጢት ግን አለን» አለቻት። ልብስ ሰፊ ይህ ከተነገራት በኋላ ዝም ብላ አትቀመጥም። ከአሮጌ ብርድ ልብስ ሰፊ ሱሪ ቀደደች፤ በጭኑና በባቱ ላይ ከረጢቱ የሚገባበት፣ በድርብ ፎጣ የተገበረ ኪስ ሰፋችለት። ሱሪው ከቁርጭምጭሚት በላይ ያልቃል።

ተኳሹ ለብሶት መስታወት ፊት ቆመ። «አጠረ!» አለ። «የሚበርደኝ እግሬ ጫፉ ነው፤ እናንተ የምታሞቁት ጭኔን! ይሄ ራስ ለሚያመው ሆድ ማሸት ነው።»

«ጋሼ፣ ቧንቧው መንገድ ላይ ጠቦ ውሃው ቢቀንስ ጫፍ ላይ ያለውን ባልዲ ያሞቁታል?» አለች ልጅቱ። «የምናላላው ከላይ ያለውን መተላለፊያ ነው። ደሙ ራሱ ሙቀቱን ይዞ ይወርዳል። እግርዎ የራሱን ቃጠሎ ስለማይነግርዎ ግን እሱን ለካልሲ ይተዉለት። ውሃው በቴርሞሜትር ይለካል፤ ከዚያ እትዬ በክርናቸው ያረጋግጣሉ። እርስዎ እጅዎን...»

«አላስገባም። ተረዳሁ። እጄ ጡረታ ወጥቷል።»

በየቀኑ ከሥራ መልስ ያንን ሱሪ ለብሶ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ሙቀቱ በጭኑ ሲገባ እንቅልፍ ሸለብ ያደርገዋል። ሲነሣ ሚስቱ ቆዳውን ታያለች፤ ቀልቶ የቆየ ቦታ ካለ በነጋታው ውሃው ይቀዘቅዛል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይራመዳል። መጀመሪያ ጫማ ቤቱ ጋ ይቆም ነበር፤ ከዚያ አልፎ አትክልት ሻጯ ጋ፤ ከዚያም አልፎ መጋዘኑ ጋ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው።

አንድ ቀን ሚስቱ ገበያ ሄዳ ዘገየች። ተኳሹ ውሃውን አሙቆ ቴርሞሜትሩን ቢፈልግ አጣው። የድሮው ተኳሽ ቢሆን ኖሮ መዳፉን ከትቶ «ለብ ብሏል» ይል ነበር። እሱ ግን ሳሕኑን አቅፎ፣ ያንን ባለ ኪስ አጭር ሱሪ እንደለበሰ ወደ መንገድ ወጣና አትክልት ሻጯ ፊት ቆመ።

«እስቲ ክርንሽን አበድሪኝ» አላት።

ሴትየዋ ቲማቲሙ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። ነገሩን ካስረዳት በኋላ ግን ክርኗን አስነካችና «ኧረ ጋሼ፣ ይሄማ ያቃጥላል!» አለችው። ተኳሹ በዚያ መንገድ ላይ በአጭር ሱሪ ቆሞ ሲስቅ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰማው። እግሩን ደብቆ የኖረው ሰው ከዚያ ቀን ወዲያ የሚደብቀው አልነበረውም።

ወራት አለፉ። ተኳሹ ከቤቱ እስከ ሱቁ ሳይቆም መድረስ ቻለ። ካውያው ፊት ቀኑን ሙሉ ይቆማል፤ ማታ እግሩ ይደክመዋል እንጂ አይከዳውም። የቁስሉ ቦታ ጠባሳ ብቻ ሆነ። ሻይ ሲቀርብለት ብርጭቆውን በእጀታው ይይዝና በከንፈሩ ይቀምሰዋል፤ «ቀዝቃዛ ነው» የሚለውን ቃል ሚስቱ ከዚያ ቤት አባራዋለች። ያልታሰበው ግን የሰፈሩ ቅሬታ ነበር። አንድ ጠዋት ሰላምታ ሰጥቶ ሽው ብሎ ሲያልፍ አትክልት ሻጯ «ጋሼ፣ እግርዎ ቢድን አንደበትዎ ታመመ እንዴ? ልጆቼን የሚጠይቅልኝ ጠፋ» አለችው። ተኳሹ አፈረ። ተመልሶ መጣና ስለ ልጆቿ አንድ በአንድ ጠየቃት፤ የታናሽየዋን ጥርስ እንኳ አልረሳም። ሲጠይቅ መልሱን መስማት እንደሚፈልግ ያን ዕለት አወቀ።

ከእሷ ተለይቶ መጋዘኑ ጋ ሲደርስ ዘበኛው ከሩቅ አየው። ግንቡን ተደግፎ ቆሟል።

«እንዴት ነህ ተኳሹ?» አለው።

ተኳሹ ደነገጠ። ይህ ሰው ቀድሞ ሰላም ሲል ሰምቶት አያውቅም። «ደህና ነኝ። አንተስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ? ባለቤትህስ?»

«ደህና ናት።»

«የወንድምህ ልጅስ? ያቺ ሐኪሟ? ሥራ እንዴት ይዟታል?»

«በርትታለች።»

«ጎሽ። ባለቤትህስ እንዴት ናት?»

ተኳሹ የዘበኛውን ፊት አልተመለከተም። ዐይኑ ቁልቁል ወርዶ፣ አንዱን ባት በሌላው ጫማ ሲያሽ አየው። ጠጋ ብሎ ክንዱን ያዘው።

«ወዳጄ፣ ድመት የለንም፤ ስለዚህ ወደ እሷ ሳትደርስ እናቁም። የት ላይ ነው የሚያምህ?»

ዘበኛው ግራ ቀኙን ተመለከተ። «ቀስ በል እስቲ» አለ። «ማንም አይወቅ። ቢቆርጡኝስ?»

«እኔንም ይቆርጡኛል ብዬ ነበር» አለ ተኳሹ፤ የገዛ እግሩን ከፍ አድርጎ መሬቱን መታ መታ አደረገበት። «ይኸውልህ፣ ከእኔ ጋር ነው። ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን፣ አብሬህ እገባለሁ። መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ሙቀቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሱሪውን ሚስቴ ትሰፋልሃለች፣ እኔ እተኩስልሃለሁ። እስከዚያ ግን እግርህን እሳት ዳር እንዳታደርስ።»

«ሙቅ ውሃ እኮ ትናንት ሞክሬ ነበር» አለ ዘበኛው። «እስቲ ና አንተ ለካልኝ፤ የሙቀት ነገር በእጅህ ነው ይባላል።»

ተኳሹ ያንን ወፍራም መዳፉን አነሣና በዘበኛው ፊት ዘረጋው።

«ይሄን አትመን» አለ። «ሚስቴን ጥራት።»